ሐኪሙን የሚመራ መነጽር ለሀዋሳ ይጠቅማል ወይ? ክርክሩ እንዲህ ሄደ

መነሻ ጽሑፍ

ጥያቄውን መድረካችን ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እዚሁ ሀዋሳ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ እሠራለሁ። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ በየስልካችን ሲዞር ነበር። በሽተኛው በደረቱ ተኝቷል። ሐኪሙ መነጽር አድርጓል። አስቀድሞ የተነሳው ሲቲ ስካን ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል ሆኖ በመነጽሩ በኩል ገላው ላይ ተደርቦ ይታየዋል። ከሥጋው ስር ያለውን አጥንት ያየ ያህል ይሠራል። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚሉት ነው።

ወሬ ብቻ እንዳይሆን እርግጠኛ የሆንኩባቸውን ነገሮች አብሬ ጻፍኩ። ለአከርካሪ ሥራ የተዘጋጀው ኤክስቪዥን የተባለው መሣሪያ ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በጁን 2020 የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች በዚሁ መነጽር እየተመሩ አንድ በሽተኛ አከርካሪ ውስጥ 6 ብሎኖች አስገቡ። ከዚያ በፊት፣ በ2018፣ የለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ሰዎች ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ውስጥ ሆሎሌንስ በተባለው የማይክሮሶፍት መነጽር ሠርተዋል። እግራቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ ከቆዳ ስር ያሉትን ደም ስሮች ለማግኘት ነበር የተጠቀሙበት።

ጥያቄዬ አንድ ነበር። ይህ ነገር ለእኛ ይጠቅማል ወይስ ገና ነው? የራሴንም ሐሳብ አልሸሸግኩም። መነጽሩ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው አልኩ። ከሱ በፊት ጥሩ ሲቲ፣ የማይቆራረጥ መብራትና መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው መኖር አለባቸው። እነዚህ በሌሉበት መነጽሩን ማምጣት በሽተኛውን ለአደጋ ማጋለጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንን ጽፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ የውይይቱ ክር ረዝሞ ጠበቀኝ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ የአጥንት ሕክምና ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም ነው። አመስግኖ ገባ። ብሎን ማስገባት ለምን እንደሚከብድ ያስረዳበት መንገድ በጣም ግልጽ ነበር። ብሎኑ የሚያልፈው በእያንዳንዱ የአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ባለች ጠባብ የአጥንት መተላለፊያ ነው። ወደ ውስጥ ከሳተ ሕብለ ሰረሰር አለ። ወደ ታች ከሳተ ነርቭ አለ። አጥንቱን በስቶ ወደ ፊት ካለፈ ትልልቆቹ ደም ስሮች አሉ። ሐኪሙ መተላለፊያዋን በዓይኑ አያያትም። በእጁ ስሜት፣ በአናቶሚ እውቀቱና በኤክስሬይ ተማምኖ ነው የሚሠራው። የተለመደው የኮምፒውተር መሪ ቢኖርም ሥዕሉ ያለው ራቅ ብሎ በቆመ ስክሪን ላይ ነው። ሐኪሙ መሰርሰሪያውን እንደያዘ አንገቱን ያዞራል፣ ያያል፣ ይመለሳል። መነጽሩ የሚያስቀረው ይህንን መዞር ነው አለ። እሱ በጉዳዩ ተስፋ አለው።

ምላሽ 2

ይህኛው ሰላምታም የለው። ኦክስጅን ሲያልቅ ሲሊንደር ፍለጋ በሚሮጥበት አገር ስለ መነጽር ማውራት ቅንጦት ነው ብሎ ሄደ። አጭር ነው። ግን ከዚያ በኋላ የጻፈ ሰው ሁሉ በቀጥታም ባይሆን ለእሱ ሲመልስ ነበር።

ምላሽ 3

አንድ የባዮሜዲካል ምህንድስና ተማሪ ዋናውን ነገር አነሳ። ሥዕሉ ገላው ላይ በትክክለኛ ቦታው እንዲያርፍ የሚደረገው ማጣጣም ነው የሁሉ ነገር መሠረት። ልብስ ሰፊ የወረቀት ልኩን ጨርቁ ላይ ሲዘረጋ ወረቀቱ ትንሽ ከተንሸራተተ መቀሱ የቱንም ያህል ቢስል ልብሱ ይበላሻል። እዚህም እንደዚያው ነው። አጥንቱ ላይ ምልክት የተሸከመ መያዣ ይታሰራል። ካሜራ ምልክቱን ይከታተላል። ኮምፒውተሩ ከምልክቱ ተነስቶ አጥንቱ የት እንዳለ ያሰላል። አንድ ሰው ክርኑ ምልክቱን ቢነካው ምልክቱ ይነቃነቃል፣ አጥንቱ ግን ያው ነው። ከዚያ በኋላ መነጽሩ የሚያሳየው ሥዕል ያምራል፤ ቦታው ግን የተሳሳተ ነው። ይህንን የሚናገር ደወልም ላይኖር ይችላል።

እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ብዙዎች ግን ሳያዩት አለፉ።

ምላሽ 4

ኦፕራሲዮን ክፍል የምትሠራ ነርስ ናት። በሥራ ላይ ያለ ሰው የሚጠይቀውን ጠየቀች። መነጽሩን የሚያደርገው ሰው እጁን ከታጠበ በኋላ ቢንሸራተትበት ማን ነው የሚያስተካክለው? ጓንት ያደረገ እጅ መነጽር አይነካም። ትእዛዝ በድምፅና በእጅ ምልክት እንደሚሰጥ ሌላ ሰው ቆይቶ አስረዳት። እሷ ግን ለድምፁም መልስ ነበራት። መምጠጫው እየጮኸ፣ ሞኒተሩ እየጠራ፣ ሰመመን ሰጪው ከራስጌ እየተናገረ መነጽሩ የማንን ቃል ነው የሚሰማው?

ቀጥላ ስለ ክብደት ጻፈች። በረጅም ኦፕራሲዮን የራስ መብራት አድርገው የሚሠሩ ሐኪሞች መጨረሻ ላይ አንገታቸውን ይዘው ሲወጡ እንደምታይ ተናገረች። እኔ ቁጥሩን ጨመርኩላት። ሆሎሌንስ 2 ክብደቱ 566 ግራም ነው። ባትሪው በሥራ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው የሚቆየው።

ከዚያ መብራት የሄደበትን አንድ ምሽት ተረከች። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ክፍሉ ጨለመ። ሐኪሙ ጣቱን ደም ከሚፈሰው ቦታ ላይ አላነሳም። አንዱ ሰው የስልክ መብራት አበራ። ማንም ቃል አልተናገረም። መብራቱ ሲመለስ የመጀመሪያው ድምፅ የሞኒተሩ ነበር። እሷ ማወቅ የፈለገችው በዚያች ቅጽበት መነጽሩ ምን ያሳይ እንደነበር ነው። መልሱ ይኸው ነው። መነጽሩ በራሱ ባትሪ ሊበራ ይችላል። ምልክቱን የሚከታተለው ካሜራ ወይም የሚያሰላው ኮምፒውተር በመብራት የሚሠራ ከሆነ ግን ሥዕሉ ይጠፋል ወይም ባለበት ይቀራል። ባለበት የቀረ ሥዕል ከጠፋው ይብሳል።

ምላሽ 5 እና 6

እዚህ ላይ ክሩ ትንሽ ወጣ አለ። አንድ አባት የሲቲ ማሽን ተበላሽቷል ተብሎ ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ድረስ እንደሄደ ጻፈ። ምሬቱ ከባድ ነው። ቤት ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱን፣ ወረፋውን ሁሉ ዘረዘረ። ስድስተኛው ደግሞ ጭራሽ ነገሩን ወደ ሮቦት ወሰደው። በቅርቡ ሐኪም የሚባል ሰው እንደማይኖርና ማሽን ብቻውን እንደሚቀድድ በእርግጠኝነት ተናገረ።

ምላሽ 7

ሬዚደንቱ ተመልሶ መጣ። ስድስተኛውን ያረመው በትሕትና ነው። መነጽሩ አይቀድድም፣ ያሳያል እንጂ። ዳቪንቺ የሚባለው የታወቀው ሮቦት እንኳ ፈቃድ ካገኘበት ከ2000 ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው መቆጣጠሪያው ላይ በተቀመጠ ሐኪም እጅ ነው። ሥዕል መደረብ የትናንት ፈጠራ አለመሆኑንም አነሳ። አሜሪካ ውስጥ የዳርትማውዝ ሐኪሞች በ1986 የሲቲን ሥዕል በቀዶ ሕክምና ማይክሮስኮፕ ውስጥ ደርበው ማሳየት እንደቻሉ ጻፈ። አዲሱ ነገር መሣሪያው ቀሎ ራስ ላይ መውጣቱ ነው።

ምላሽ 8

ከሁሉ በላይ የተማርኩበት ምላሽ ይህ ነው። የጻፉት ብዙ ዓመት ያገለገሉ ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ቪዲዮዎቹ ሁሉ ለምን አጥንት ላይ እንደሆኑ ጠይቀው ራሳቸው መለሱ። አጥንት አይታጠፍም። ሲቲ ሲነሳ የነበረው ቅርጽ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይም ያው ነው። ጉበት ግን ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። ሆድ ሲከፈት ደግሞ ቦታው ይለወጣል። አንጎልም የራስ ቅል ተከፍቶ ፈሳሹ ሲወጣ ዝቅ ይላል። ያኔ ሐኪሙ የሚያየው የትናንቱን አንጎል ነው። እዚህ በብዛት የሚሠራው ደግሞ እናቶችን በኦፕራሲዮን ማዋለድ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው ፈጣን እጅ፣ ደምና ሰመመን እንጂ ሥዕል አይደለም አሉ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ስለ ዓይን ነው። ሆሎሌንስ ሥዕሉን የሚያሳየው 2 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር አስመስሎ ነው። የሐኪም እጅ ግን ከዓይኑ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀው። ዓይን ወይ ሥዕሉን ወይ ቁስሉን አጥርቶ ያያል፤ ሁለቱን እኩል ለማየት ሲታገል ይደክማል።

ሦስተኛውን ሳነብ ደነገጥኩ። በ2013 የታተመ ጥናት ነው። ሐኪሞች አስከሬን ላይ በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ሠሩ። ገሚሶቹ ተደራቢ ሥዕል ነበራቸው። ሜዳው ላይ መኖር የሌለበት ባዕድ ነገር ሆን ተብሎ ተቀምጦ ነበር። ተደራቢ ሥዕል የነበራቸው ወደ ዒላማው በትክክል ደረሱ። ባዕዱን ነገር ሳያዩ በማለፍ ግን ከሌሎቹ የባሱት እነሱ ሆኑ። መሪው ዓይናቸውን ወስዶት ነበር።

ምላሽ 9 እና 10

ከዚህ በኋላ ድምፁ ከረረ። ዘጠነኛው ወጣት የሶፍትዌር ሠሪ ነው። ትልልቆቹ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ችግር ብቻ እንደሚቆጥሩ ተናገረ። ስሪ ዲ ስላይሰር የሚባለው ሶፍትዌር በነጻ እንደሚገኝ፣ የሲቲ ፋይልን ወደ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል እንደሚቀይር፣ ሥዕሉን ስልክ ካሜራ ላይ መደረብ ለእሱ አስቸጋሪ እንዳልሆነ ጻፈ። የውጭ መነጽር ሳንጠብቅ እዚሁ እንሥራው ነው የሚለው። መጨረሻ ላይ ግን ዶክተሩን ደፈር የምታደርግ ቃል ወረወረ። ጥሩ አላደረገም።

የምላሽ 2 ባለቤት ይህን አይቶ ተመልሶ መጣ። አሁንስ ኃይለኛ ነበር። አስተዳዳሪው አንዱን ዓረፍተ ነገር እስኪያጠፋበት ድረስ ተናገረ። ከስድቡ ውጭ ያመጣው ማስረጃ ግን ጠንካራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠየቂያ 19 ጥያቄ ያለው አንድ ወረቀት ነው። በሽተኛው ማነው፣ የቱ ጎን ነው የሚሠራው፣ አለርጂ አለው ወይ፣ ደም መጥረጊያው ጋዝ (ጨርቁ) ተቆጥሯል ወይ። በ8 አገሮች ውስጥ በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በወጣው ውጤት የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ወረቀት ያንን ካደረገ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ለመነጽር ማውጣት ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀ።

በማስረጃው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በድምዳሜው ግን አይደለም። ወረቀቱን የምናነበው ለአንድ ዓይነት ስሕተት ነው። በጠባብ መተላለፊያ የምትሄድ ብሎንን ወረቀት አያቃናትም።

ምላሽ 11

አንድ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ገብተው ሁለቱን አበረዱ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉና ወጣቱን ዶክተሩን ይቅርታ እንዲጠይቅ መከሩት። ጠየቀ። ከዚያ ስለ ሰው ኃይል ጻፉ። በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኖርዌይ የበርገን ሐኪሞች አጋርነት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ባይጀመር ኖሮ ዛሬ ስለ አንጎልና ስለ አከርካሪ ኦፕራሲዮን የምንከራከርበት ነገር እንኳ እንደማይኖር አስታወሱ። መጀመሪያ የመጣው ሰው ነው። መሣሪያው የተከተለው ሰዎቹን ነው።

ምላሽ 12

አሁን ወደ ልቤ የገባው ምላሽ መጣ። ሌላ የአጥንት ሐኪም ናት። መብራት ስለማይፈልግ መሪ ልንገራችሁ ብላ ጀመረች።

ባጃጅና ሞተር ያመጣውን የጭን አጥንት ስብራት ሁላችንም እናውቃለን። መደበኛው ሕክምና በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ ረጅም ብረት ማስገባትና ከላይና ከታች በብሎን መቆለፍ ነው። ችግሩ የታችኛው ብሎን ነው። ብረቱ አጥንት ውስጥ ተቀብሯል። ቀዳዳው አይታይም። በሀብታም አገር ሲ አርም የሚባለውን ኤክስሬይ ከጠረጴዛው ጎን አቁመው እያዩ ይሰረስራሉ። ማሽኑ የሌለበት ቦታስ?

ሳይን የሚባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት በዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ከተማ በ1999 የተመሠረተው ለዚህ ነው። መሥራቹ ዶክተር ሉዊስ ዘርክል ናቸው። ብረቱ ላይ ከውጭ በኩል የሚገጠም ክንድ አለ። ሐኪሟ ብረቱን ከማስገባቷ በፊት ጠረጴዛ ላይ ክንዱን ትገጥማለች፣ የክንዱ ቀዳዳና የብረቱ ቀዳዳ ልክ ፊት ለፊት መሆናቸውን ታረጋግጣለች፣ ታጠብቃለች። ከዚያ ብረቱ አጥንት ውስጥ ይገባል። ክንዱ ከቆዳ ውጭ ይቀራል። በክንዱ ቀዳዳ በኩል ስትሰረስር የተቀበረውን ቀዳዳ ታገኘዋለች። ማግኘቷን ደግሞ በእምነት አትተወውም። ቀጭን መፈለጊያ ታስገባለች። መፈለጊያው የብረቱን ቀዳዳ ሲያገኝ በእጇ ይሰማታል። ካላገኘ ብሎኑን አታስገባም።

ይህ ብረት ጥቁር አንበሳን ጨምሮ አገራችን ውስጥ ይሠራበታል። ሐኪሞቹ የኤክስሬይ ፎቶውን ወደ ድርጅቱ የመረጃ ቋት ይልካሉ፤ አስተያየትም ይመለስላቸዋል።

ይህን ምላሽ ደጋግሜ አነበብኩት። የማይታየውን ነገር ቦታ ከውጭ ሆኖ መጠቆም ማለት ይኸው ነው። መነጽሩም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ መፈለጊያው ላይ ነው። ሳይን ውስጥ መሪው ትክክል መሆኑ በሌላ መንገድ ይፈተናል፤ የሐኪሟ እጅ ይመሰክራል። መነጽር ይምጣ ስንል ማንሳት ያለብን ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። መነጽሩ ሲሳሳት በምን እናውቃለን? በየጊዜው የታወቀ የአጥንት ጫፍ በመሣሪያ ነክቶ ሥዕሉ እዚያው መሆኑን ማየት ይቻላል። ጥሩ ሐኪሞች ይህንን ያደርጋሉ። ግን ግዴታ ሆኖ መሠልጠን አለበት።

ምላሽ 13

ስለ ወጌሻ ነው። አንድ ሰው የአጎቱ ልጅ እግር በቀርከሃ ጠብቆ ታስሮ እንደጠቆረና መጨረሻው መቆረጥ እንደሆነ ጻፈ። ስለዚህ ብዙ ሰው ተከራከረ። ያሳዝናል፣ እውነትም ነው። ግን ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል ብዬ ለይቼ ከፈትኩለት።

ምላሽ 14

የሕፃናት ክፍል ነርስ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ለእሷ ተደራቢ ሥዕል ማለት ሌላ ነገር ነው። ተቅማጥና ትውከት ፈሳሹን የጨረሰበት ሕፃን ይመጣል። ዓይኑ ጎድጉዷል። እጁ ላይ ደም ስር የለም። እናትየው ቆማለች። ነርሷ እጁን ታሻለች፣ እግሩን ታያለች፣ ከዚያ የራስ ቅሉን ፀጉር ላጭታ እዚያ ትፈልጋለች። መርፌው በሳተ ቁጥር ልጁ ብቻ አይደለም የሚያለቅሰው።

ደም ስርን የሚያሳይ መብራት አለ። ኢንፍራሬድ የሚባል፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃን ቆዳው ላይ ይረጫል። ደም ብርሃኑን ከአካባቢው ሥጋ ይበልጥ ስለሚመጠው ደም ስሩ ለካሜራው ጠቁሮ ይታያል። መሣሪያው ያንን ሥዕል ወዲያው መልሶ እዚያው ቆዳ ላይ ያበራዋል። መነጽር የለውም። ሲቲ አይፈልግም። ሥዕሉ የትናንት ሳይሆን የአሁን ነው። በእጅ ይያዛል፣ በባትሪ ይሠራል።

አንዱ ወዲያው ይገዛልን ብሎ ጮኸ። እሷ ራሷ ነች ያቀዘቀዘችው። ጥናቶቹ አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም፤ ልምድ ያላት ነርስ ላይ ብዙ ለውጥ ያላመጡ አሉ። ጥልቅ ያለ ደም ስር አያሳይም። ጥልቀቱንም አይናገርም። ማየትና መግባት ለየቅል ናቸው አለች። ሥራዋን እንዲህ የምታከብር ሰው ሳገኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 15

ስለ ሩቅ ምክር ነው። የጻፈው በገጠር ሆስፒታል የሚሠራ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው። እንደሱ ያሉት ሐኪም ሳይሆኑ በሁለተኛ ዲግሪ ሠልጥነው እናቶችን በኦፕራሲዮን የሚያዋልዱ ናቸው፤ ብዙ ሕይወት ያተርፋሉ። እሱ የሚፈልገው ሥዕል አይደለም። ሆድ ከፍቶ ያልጠበቀውን ሲያገኝ የሚያማክረው ሰው ነው። ቤይሩት ያለ ሐኪም ጋዛ ውስጥ ለሚሠሩ ባልደረቦቹ በስክሪን ላይ በጣቱ እያመለከተ እንደመራ፣ ፕሮክሲሚ የሚባለው ሥርዓትም ለዚህ እንደዋለ አነሳ። ሀዋሳ ያለ ሐኪም በንሳ ዳዬ ላለ ባለሙያ እንዲህ ቢያሳየው የሪፈር መኪና መጠበቅ ይቀንስ ነበር አለ።

የኔትወርኩ ነገር ተነሳ። ምስሉ ዘግይቶ ከደረሰ ጣቱ የሚያመለክተው ያለፈውን ቦታ ነው። ስለዚህ ቢያንስ እየቀደዱ ሳይሆን ቆም ብለው ሲመካከሩ ይጠቅማል በሚለው ተስማሙ። እኔ ከሁሉ ቀድሞ መሞከር ያለበት ይህኛው ነው እላለሁ።

ምላሽ 16 እና 17

አንድ የሕግ ባለሙያ መነጽሩ ሲሳሳት ተጠያቂው ማነው ብላ ጠየቀች። ሐኪሞቹ ሁሉ የሚቀድደው ሐኪሙ ስለሆነ ኃላፊነቱም የእሱ ነው አሉ። በሽተኛው አስቀድሞ ሊነገረውና ሊስማማ ይገባል የሚለውንም ጨመረች፤ ማንም አልተቃወመም። ቀጣዩ ሰውዬ ደግሞ ሁላችንንም አሞራ ገደል ዓሣ ጋበዘን።

ምላሽ 18

ይህኛው የእኔ ነው፤ ከሙያዬ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ጻፍኩት። ማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2ን ማምረት ማቆሙ በ2024 ታውቋል። ብዙ ጥናት የተሠራበት መሣሪያ ነው። ዛሬ አንድ ሰው አንዱን በእርዳታ ቢያመጣልን ነገ ባትሪው ሲደክም መለዋወጫ ከየት ነው?

ይህ ለእኔ ወሬ አይደለም። በሠራሁባቸው ቦታዎች የእርዳታ መሣሪያ ተከምሮ አይቻለሁ። አንዱ ገና ሲመጣ መመሪያው በማናውቀው ቋንቋ ነበር። አንዱ የይለፍ ቃሉ ሰጪው ጋ ቀርቷል፤ ስክሪኑ ይበራል፣ ወደ ውስጥ አያስገባም። አንዱ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ አንዲት የሚጣል ገመድ ስታልቅ ቆመ። ገመዷ ርካሽ ናት፣ ግን የሚሸጣት የለም። ሰው ግን ማሽኑን በር ላይ ሲያየው አለን ይላል። በሽተኛም አላቸው ተብሎ ይላካል። ይህ በጣም ያበሳጨኛል። ስለዚህ መነጽር የሚያመጣ ሰው አብሮ ይዞ መምጣት ያለበትን ጻፍኩ፤ የጥገና ሥልጠና፣ የይለፍ ቃል፣ መለዋወጫ፣ ሶፍትዌሩ ሲዘመን ማን እንደሚከፍል የሚናገር ውል።

የምላሽ 2 ባለቤት ይህንን ወደደው። መጀመሪያም ሊል የፈለገው ይህንን እንደነበር ጻፈ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ለሰለሰ።

ምላሽ 19 እስከ 23

መጨረሻው ወደ ሥራ ሄደ። ሬዚደንቱ በሰው ላይ ሳይሆን ለትምህርት እንጀምር አለ። ተማሪዎች አከርካሪን በመጽሐፍ ነው የሚያጠኑት፤ ሥዕሉ ሞዴል ላይ ተደርቦ ቢያዩት መተላለፊያዋን ቶሎ ይረዷታል። ሶፍትዌር ሠሪው ወዲያው ተቀበለው። የፕላስቲክ አከርካሪ ሲቲ እንዲነሳ ሐሳብ አቀረበ። የምህንድስና ተማሪው አረመው። በሽተኛ ወረፋ ይዞ ፕላስቲክ ሲቲ አይነሳም። ሞዴሉ ከኮምፒውተር ፋይል በስሪ ዲ ፕሪንተር ከታተመ ፋይሉ ራሱ ትክክለኛው ቅርጽ ነው። ሥዕሉን በስልክ ደርበው ይሰረስሩበታል፣ ቀዳዳው ከታቀደው ቦታ ምን ያህል እንደራቀ በካሊፐር፣ ጥቃቅን ርቀት በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካል። ካሊፐሩን እኔ አመጣለሁ አልኩ። ልኬቱን ከሰረሰረው ውጭ ሌላ ሰው ይውሰድ የሚለውንም አስገባሁ፤ የሠራው ሰው ራሱ ሲለካ እጁ ያዳላል።

ተማሪው ካሜራው የሚከታተለውን ምልክትም በዚያው ፕሪንተር አትመዋለሁ ሲል የኦፕራሲዮን ክፍሏ ነርስ መጣች። እሷ ዘንድ ያልተቀቀለ ነገር ጠረጴዛው አጠገብ አይደርስም። በእንፋሎት የሚቀቅለው ማሽን፣ አውቶክሌቩ፣ 121 ዲግሪ ነው፤ አንዳንዴም 134። የፕሪንተሩ ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ለልምምድ ቢሆንም ከመጀመሪያው የሚቀቀል ነገር ልመዱ አለች። ተማሪው የማይዝግ ብረት ላይ እንቅረጸው አለ። እኔ ደግሞ የተወለወለ ብረት ከኦፕራሲዮን መብራት ስር ስለሚያንጸባርቅ ካሜራው ምልክቱን እንደሚስተው ጻፍኩ፤ ፊቱ በአሸዋ ተመትቶ መደብዘዝ አለበት። ይህን የሚሠራ ጋራዥ መናኸሪያ አካባቢ አውቃለሁ። ሁለት ቁራጭ አሠርቼ፣ አንዱን አስቀቅዬ፣ ካሜራው ሁለቱንም እኩል ማየቱን ቅዳሜ ከሰዓት እንሞክራለን። ነርሷም ከዲዩቲ ስትወጣ እንደምትመጣ ጽፋለች።